ይድረስ ለክቡር ብናኝ፣ ካሜራዬ ውስጥ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ።

የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ብርሃን 2.5 ሚሊዮን ዓመት ሲጓዝ ማንም አላስቆመውም። ሊደርስ 2 ሚሊሜትር ሲቀረው እርስዎ በር ላይ ተጎልተው ጠበቁት። እንዲህ ያለ ዘበኛ ቤተ መንግሥትም የለው።

ሌሎቹ ጠላቶቼ ቢያንስ ይሉኝታ አላቸው። በየፎቶው ቦታ እየቀያየረ የሚታየው ንጥብጣብ 100 ፎቶ ስደራርብበት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ሳተላይት መስመሩን አስምሮ ቢያልፍ እንኳ ሶፍትዌሩ «አንዱ ላይ ብቻ ነው የታየው» ብሎ ይጥለዋል። እርስዎ ግን መቶውም ላይ አሉ! ቀሪ አይሉ፣ አርፋጅ አይሉ።

መጀመሪያ የቴሌስኮፑን ትልቁን መስታወት ጠረግሁ። ሳይስቁብኝ አልቀሩም። ኋላ ሒሳብ ሠራሁ፦ ጥላዎ 100 ፒክሰል ይሰፋል፣ አንዱ ፒክሰል 4 ማይክሮን ነው፣ ቴሌስኮፔ ኤፍ 5 ነው (የትኩረት ርዝመቱ የመስታወቱ ስፋት 5 እጥፍ)። ሦስቱ ሲባዙ ከሴንሰሩ፣ ከካሜራው ብርሃን ተቀባይ፣ 2 ሚሊሜትር ግድም ይርቃሉ፤ ሴንሰሩን የሚሸፍነው መስታወት ላይ ማለት ነው። አድራሻዎ ተገኘ።

ከዚያ ፍላት ላነሳ ተነሳሁ። ፍላት እኩል የበራ ነጭ ነገር ፎቶ ነው፤ ምን ያህል ብርሃን እንደሚበሉ ያሳብቅብዎታል፣ ዋናው ፎቶ በእሱ ሲካፈል ጥላዎ ይጠፋል። እኔ ሆዬ ያነሳሁት በማግስቱ፣ ካሜራውን ነቅዬ መልሼ ከገጠምኩ በኋላ ነው። ለካ እርስዎ በዚያች ቅጽበት ቤት ቀይረዋል! በነበሩበት ጥቁር ቀለበት፣ በሄዱበት ነጭ ቀለበት፤ ጎን ለጎን። አንድሮሜዳ መነጽር አደረገች።

ሁለተኛውን ሙከራ አያንሱብኝ። ዳርኩን፣ ማለትም ክዳኑ ተዘግቶ የሚነሳውን የጨለማ ፎቶ፣ ከዋናው ፎቶ ሳልቀንስ በፍላቱ አካፈልኩት፣ ማካፈሉ ከልክ አለፈና እርስዎ በነበሩበት ነጭ ቀለበት ቦግ አለ። ጠፉ ስል አበሩ።

ስለዚህ ልመናዬን ቀይሬያለሁ። ይውጡልኝ አልልም፤ ኪራይም አልጠይቅም። አቧራ መንፊያዬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ዛሬ ሰማዩ ጠርቷል፤ ሌሊቱን ሙሉ አነሳለሁ፣ ሲነጋጋ ካሜራውን ሳልነቅል፣ ፎከሱን ሳልነካ ፍላቱን እጨርሳለሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ብቻ፣ በሚወዱት ይሁንብዎ፣ ንቅንቅ እንዳይሉ።