ቡና ላይ የሚፈታ ብልሽት

ቅዳሜ ዕለት ጀበና ቡና ይዘን ሁለት ወዳጆቼ ተከራከሩ። አንዱ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነው። ቴክኒሻኖቹ ጠዋት ጠዋት ቡና ቤት ተሰብስበው ወሬ ስለሚያበዙ ሰዓቱን ሊከለክላቸው አስቧል። ሌላዋ ሶሻል አንትሮፖሎጂ፣ ማለትም ሰው እንዴት እንደሚኖርና እንደሚሠራ አብሮ ውሎ የሚያጠናውን ትምህርት ነው የተማረችው።

«ስለምን እንደሚያወሩ ሰምተሃል?» አለችው።

«ወሬ ወሬ ነው፤ ምኑን እሰማዋለሁ?»

የፎቶ ኮፒ ማሽን አምራቹን የአሜሪካ ኩባንያ የዜሮክስን ነገር አነሳችበት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የኩባንያው የምርምር ማዕከል የነበረው አንትሮፖሎጂስት ጁሊያን ኦር የፎቶ ኮፒ ማሽን ቴክኒሻኖችን ተከትሎ ዋለ፤ ደንበኛ ጋ አብሯቸው ሄደ፣ አብሯቸው በላ። ኩባንያው ማኑዋሉን ደረጃ በደረጃ ከተከተሉ ይበቃል ባይ ነበር። ማሽኑ ግን ማኑዋሉ ላይ በሌለ መንገድም ይበላሻል። ያኔ የሚያወጣቸው ቁርስና ምሳ ላይ ከባልደረባ የሰሙት ነው፤ «እኔንም እንዲህ አድርጎኝ ነበር፣ ማሽኑ የሚያሳየው የብልሽት ኮድ ሌላ ቦታ ይልካል እንጂ ችግሩ እዚህ ጋ ነው» የሚሉት ዓይነት። ወሬ የተባለው ለካ ሥራው ራሱ ኖሯል።

እሱ በዚህ አልተረታም። «መጠይቅ በትኜ አልደርስበትም?»

«ሰው መጠይቅ ላይ የሚሞላው ለአለቃው የሚስማማውን ነው። ቡና ቤት ብልሽት እንፈታለን ብሎ የሚጽፍልህ የለም፤ እነሱም እንደ ሥራ አይቆጥሩትም።»

«እሺ፣ ኩባንያው ምን አተረፈ?»

በኋላ ዩሬካ የሚባል ሥርዓት ተዘረጋ። ቴክኒሻኑ ያገኘውን መላ ጽፎ ያስገባል፣ ባልደረቦቹ ያጣሩታል፣ ከዚያ ለሁሉም ይደርሳል። መጀመሪያ ፈረንሳይ ተሞከረ፣ ቀጥሎ ሌላም አገር ገባ። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው፦ ቴክኒሻኖቹ ከገንዘብ ሽልማት ይልቅ ስማቸው ባገኙት መላ ላይ እንዲሰፍር ነው የፈለጉት።

እሱ በመጨረሻ «እንግዲያው እኔም አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ልስማ» አለ። እዚህ ላይ ሁለታችንም ተቃወምነው። አለቃ አጠገብ ሲቀመጥ ጨዋታው ይደርቃል። ኦር ራሱ ቀድሞ ቴክኒሻን ነበር፣ የሚሉት ይገባዋል፣ ደግሞም አያዝዛቸውም።

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። የቡናውን ሰዓት አይንካው። ማጥናት ከፈለገ ሙያውን የሚያውቅ፣ ሰው የማይፈራው አንድ ሰው ይመድብ፤ ለምን እንደመጣ በግልጽ ይነገራቸው፣ ፈቃዳቸውም ይጠየቅ። ጊዜውም በሳምንት አያልቅም፣ ወራት ይፈልጋል። የሚገኘው መላ ደግሞ በእነሱ ስም ይውጣ እንጂ በኃላፊው ሪፖርት ውስጥ እንዳይቀበር።