«ይበቅልላታል» አትበሉኝ

«ምን ችግር አለው? ይበቅልላታል!» ይህን መልስ መስማት ሰልችቶኛል። የግቢያችን ልጆች መጥረጊያ ይዘው እንሽላሊት ሲያሳድዱ ወላጆች በረንዳ ላይ ቡናቸውን እየጠጡ ያያሉ። ጅራቷ መሬት ላይ ወድቆ ሲንፈራገጥ ልጆቹ ይስቃሉ፤ ትልልቆቹም ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። «ኧረ በፈጠራችሁ፣ ተዉአት» ስል ደግሞ እንደ ነዝናዛ እቆጠራለሁ። የሚያበሳጨኝ ይህን የሚሉኝ ሰዎች ስለ እንሽላሊት የሚያውቁት ይህቺን ብቻ መሆኑ ነው፤ ጅራቷ ይበቅላል። በቃ። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ የለም።

እሺ፣ ይበቅላል። ግን ምንድን ነው የሚበቅለው? በምንስ ዋጋ?

በመጀመሪያ ደረጃ ጅራቱን የቆረጠው ልጁ አይደለም፤ ራሷ ናት የጣለችው። በብዙ የእንሽላሊት ዝርያዎች የጅራት አከርካሪ አጥንቶች ውስጥ ከተፈጥሮ የተዘጋጀ የመለያያ ቦታ አለ። የሚገርመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚለያየው በሁለት አጥንቶች መገናኛ ላይ ሳይሆን እዚያው አንዱ አጥንት መሃል ላይ ነው። ሞት ሲቀርባት ጡንቻዎቿን ታኮማትራለች፣ ጅራቱ ይለያል፣ የደም ሥሩም ወዲያው ስለሚጨመቅ ብዙ ደም አይፈስም። የተጣለው ጅራት ለደቂቃዎች መንፈራገጡም በከንቱ አይደለም፤ ድመቷ ወይም ወፉ በእሱ ሲጠመድ እሷ እንድታመልጥ ነው። ይህ ዘዴ ደግሞ የትናንት አይደለም። ካፕቶራይነስ የሚባል ትንሽ ጥንታዊ ተሳቢ እንስሳ ከ280 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንዲህ የሚለያይ ጅራት እንደነበረው ቅሪተ አካሉ ያሳያል። ዛሬ የምናያቸው እንሽላሊቶች ገና ሳይኖሩ ማለት ነው! ያን ያህል ዘመን ነፍስ ሲያድን የኖረ ነገር በእኛ ግቢ ለአንድ ደቂቃ ሳቅ ይውላል።

ጅራቱ ስንቋ መሆኑን ማን ይንገራቸው? ብዙ እንሽላሊቶች ስባቸውን የሚያከማቹት እዚያ ነው። ምግብ ሲጠፋ የምትኖረው በእሱ ነው፤ ሴቷ እንቁላል ለመሥራትም ትጠቀምበታለች። አንዳንድ ዝርያዎች አደጋው ካለፈ በኋላ ተመልሰው የጣሉትን ጅራት ይበሉታል። እስኪ አስቡት፤ የራሷን ጅራት እስከመብላት የምትደርሰው ዋጋው ስለገባት አይደለምን? የእኛዎቹ ግን በወረቀት ጠቅልለው ለጓደኛ ለማሳየት ይዘውት ሄደዋል።

ስትሮጥና ስትዘል ሚዛን የሚጠብቅላትም ጅራቱ ነው። አዲሱ እስኪያድግ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፤ ለራሷ ዕድገትና ለልጆቿ ይሆን የነበረው ምግብ ወደዚያ ይሄዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ድመት ቢመጣባትስ ምን ትጥላለች?

የሚበቅለውም የበፊቱ አይደለም። አዲሱ ጅራት አከርካሪ አጥንት የለውም፤ በምትኩ የሚያድገው እንደ ቱቦ ያለ ልም አጥንት ነው። ቅርፊቱም ቀለሙም ብዙ ጊዜ ይለያል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አዲሱ ክፍል የመለያያ ቦታ ስለሌለው በሌላ ጊዜ መጣል ካስፈለጋት ከዚያ በላይ፣ ወደ ሰውነቷ ከቀረበው አሮጌ ጅራት ላይ መሆን አለበት። እያጠረ ይሄዳል ማለት ነው። እናንተ «ይበቅልላታል» የምትሉት የማያልቅ ነገር አይደለም።

ይህች አባባል ልጆቹን ምን እንዳስተማረች ደግሞ ልንገራችሁ። እስስት ላይም ሲሞክሩት አይቻለሁ። እስስት ጅራቷን አትጥልም! ከተቆረጠባትም አይተካላትም፤ ቅርንጫፍ የምትይዝበትን አካል አሳጣችኋት ማለት ነው። አርጃኖም እንደዚሁ ጅራቱን የሚጥል እንስሳ አይደለም። ልጁ ግን ከአባቱ የሰማው ይበቅላል የሚል ነው፤ ስለዚህ ጨክኖ ይጎትታል።

«መርዛም ናት» የሚሉኝም አሉ። ግድግዳችን ላይ የምትሄደው እንሽላሊት መርዝ የላትም። መብራት ሥር ተደብቃ የምትጠብቀው ትንኝ፣ የእሳት ራትና ትንንሽ በረሮ ነው። ወባን ታጠፋለች እያልኩ አይደለም፤ ግን ከእኛ የምትፈልገው አንዳች ነገር የለም። ኩሷ ካስጠላችሁ ምግባችሁን ክደኑ፣ ከነካችኋትም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በሆዷ በሽታ አምጪ ተህዋሲያን ሊኖሩ ስለሚችሉ ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ለዚህ ዱላ አያስፈልግም።

ቤት ውስጥ እንድትቆይ ካልፈለጋችሁም የክፍሉን መብራት አጥፉና መስኮቱን ክፈቱላት። አልወጣ ካለች ጎድጓዳ ዕቃ ቀስ ብላችሁ ድፉባት፣ ከሥሩ ጠንካራ ወረቀት አስገቡና ውጭ አውጥታችሁ ልቀቋት። ልጆቹም ይህንኑ ይማሩ፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም። በምንም ምክንያት ግን በጅራቷ አትያዟት።