ስለ ዝላይ የሚጣሉ ሽማግሌዎች

የምኖረው ሉዊቪል ነው፤ ኬንታኪ። አገር ቤት ስደውል «ዋሽንግተን አካባቢ ነው?» ይሉኛል። አይደለም። «ታዲያ ኬንታኪ የዶሮው?» አዎ፣ የዶሮው፤ ኬኤፍሲ የሚባለው። መሐመድ አሊ የተወለደበት ከተማ ነው ብዬ ላስተካክል እሞክራለሁ፤ ሁልጊዜ ዶሮው ያሸንፋል።

ሥራዬ የሌሊት ነው፤ ዕቃ የሚደረደርበት ትልቅ መጋዘን ውስጥ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እረፍት እንወጣለን። አንድ ቀን ምስር ወጤን ማይክሮዌቭ ውስጥ ከትቼ ቆሜ ሳለ ሁለት ጠና ያሉ ሰዎች ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። አንደኛው ሹካውን እንደ ጦር ሰብቆታል። የውርስ ጉዳይ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ባዳምጥ ነገሩ ሌላ ነው። በሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው ደንከኛ ማን ነው የሚል ክርክር ነው።

ደንክ ያው ዘሎ ኳሷን ከላይ መሰንቀር ነው። ሁለት ነጥብ ያስገኛል። ጠጋ ብለህ ቀስ አድርገህ ብታስገባትም ያው ሁለት ነጥብ ነው። በዚህ ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ የተጨቃጨቁት።

ባለ ሹካው ዳሬል ግሪፊዝ ነው ባይ ነው። ግሪፊዝ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ደንክን ከልክለው ነበር። ሰው ሁሉ ሰበቡ በኋላ ካሪም አብዱል ጀባር የተባለው ዩሲኤልኤ የሚሉት የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ረጅም ልጅ ነው ይላል። ክልከላው የተነሳው በ1976 ነው። ግሪፊዝ ዩኒቨርሲቲ የገባውም በዚያው ዓመት! ሽማግሌው ይህን ሲናገር ትንቢት ሲፈጸም ያየ ይመስላል። የልጁ ቁመት 1.93 ሜትር ነው። ሽቅብ 1.22 ሜትር ይነጥር ነበር ይባላል። ቅርጫቱ ያለው 3.05 ሜትር ላይ ነው። ቅጽል ስሙ «ዶክተር ደንከንስታይን» ነበር፤ ቡድኑ ደግሞ «ዶክተርስ ኦፍ ደንክ»። እኛ ዘንድ ሰው ዶክተር ለመባል ስንት ዓመት ይንገላታል፤ እነዚህ ዘለው ነው የተመረቁት።

በ1980 ዩሲኤልኤን 59 ለ54 ረትተው ለዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ አመጡ። ግሪፊዝ 23 ነጥብ አስቆጠረ። ሽማግሌው ግን ውጤቱን ብቻ አይደለም የሚያውቀው። ዋይሊ ብራውን የሚባለው ተጫዋች አንድ አውራ ጣቱ ሰው ሠራሽ ነበረች። ከፍጻሜው ጨዋታ በፊት የበላበት ጠረጴዛ ላይ ረስቷት ሄደ። ከቆሻሻ ውስጥ ተፈልጋ ተገኘች። ይኸው ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው። የሰው አውራ ጣት የት እንደተረሳች የሚያስታውስ ከተማ!

ሌላኛው ሰውዬ የዶናቫን ሚቸል ወገን ነው። ሚቸል እዚህ ሁለት ዓመት ብቻ ተጫውቶ የአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤንቢኤ ገባ። በ2018 የኤንቢኤን የደንክ ውድድር አሸነፈ። «ታዲያ ያን ቀን የማንን ማልያ ለብሶ ወጣ? የግሪፊዝን አይደለም?» ይላል ባለ ሹካው። ጥያቄው ሰውዬውን በየሌሊቱ ዝም ያሰኘዋል፤ በማግስቱ ግን እንደ አዲስ ይጀምራል። ፎርክሊፍት የምትነዳ አንዲት ሴት ደግሞ አለች፤ እሷ ሞንትሬዝል ሃረል ካልተባለ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ናት። ሃረል በ2013 ዋንጫ ያነሳው ቡድን ውስጥ ነበር። ዋንጫው ከአምስት ዓመት በኋላ በቅሌት ምክንያት ተሰረዘ። «ዋንጫውን ነጠቁን፤ ደንኩንስ ማን ይነጥቀናል?» አለች። ለዚህ መልስ የሰጠ አልነበረም።

ከዚያ ሹካው ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ? የናንተ ዩኒቨርሲቲ ምርጡ ማን ነበር?»

እኔ የተማርኩበት ግቢ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነበረው። የተሰነጠቀ ሲሚንቶ፣ መረብ የሌለው የብረት ቀለበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ይሰጣበታል። እና አንድ ልጅ ነበር። ከተሰጣው አንሶላ መሀል ተንደርድሮ፣ የተቀደደ ሸራ ጫማ አድርጎ፣ ኳሷን በአንድ እጁ ሲሰነቅራት ዓይኔ አይቷል። ቀለበቱ ላይ ሲንጠለጠል ብረቱ ያቃስት ነበር። ካፌ በር ላይ የተሰለፈው ተማሪ በሙሉ ትሪውን በማንኪያ ደበደበ። ሽሮው ቀዘቀዘ ብሎ ያማረረ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። ሹካው እንኳ ዝቅ አለ። «ስሙ ማን ነው?» አሉኝ።

ክሬን ነው የምንለው። ስሙን አላውቀውም።

ፎርክሊፍት ነጂዋ ሳቀች። እኔ ግን የዚያን ሌሊት ምስር ወጥ አልበላሁም።

አገር ቤት ክርክር ጠፍቶ አይደለም። ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ የወጣ ያውቀዋል። ስለ አርሴናል ተከላካይ ጉልበት ከሐኪሙ በላይ እናውቃለን። እኔ ራሴ በአርሴናል ጉዳይ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስምንት ወር ተኳርፌያለሁ። ለክሬን ግን አንድ ቀን አልተኳረፍኩም።

አባዬ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ስታዲየም ነበርኩ ይላል። መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ሲያገባ እንዴት እንደነበር ለማሳየት ከሶፋው ይነሳል። ግን ጎሏ በየዓመቱ ትለዋወጣለች። አንዴ በቀኝ እግር ናት፣ አንዴ በግራ፣ ባለፈው ፋሲካ ደግሞ በቴስታ ሆናለች። «አይ ጋሼ፣ ተሳስተዋል» የሚለው እኩያ ሰፈሩ ውስጥ የለም። እዚህ ቢሆን ባለ ሹካ ይነሳበት ነበር።

እነሱ እኮ ገንዘብ አላቸው ትሉኛላችሁ። አላቸው። መሀል ከተማ ከ22 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ አዳራሽ አላቸው፤ ስሙም ኬኤፍሲ ያም ሴንተር ነው። ዶሮው እዚያም አልቀረም። የግሪፊዝን 35 ቁጥር ማንም እንዳይለብሰው አክብረው አስቀምጠዋል። ግን የክሬንን ስም ለመያዝ እስክሪብቶ ይበቃ ነበር። እስክሪብቶ ደግሞ በኪሴ ነበር፤ የማክሮ ኢኮኖሚክስ ኖት ስገለብጥበት።

በነጋታው የክፍል ጓደኞቼ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠየቅሁ። አንዱ «ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነበር» አለ። ሌላው «ኧረ ስታት ነው» አለ። አንዷ ሚኒሶታ አይቼዋለሁ አለች፤ በኋላ ያየችው ሰው አጭር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ አንድ ሰው የአርሴናልን አሰላለፍ ለጠፈ። ክሬን እዚያው ቀረ።

ንዴቴ አልበርድ አለኝ። እሑድ ልጄ ግቢ ውስጥ ብቻውን ሲጫወት ቅርጫቱን አየሁት። ወደ ሁለት ሜትር ከምናምን ዝቅ ተደርጓል። ዛሬማ አሳየዋለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ኳሷ ገብታለች። ችግሩ መውረዱ ላይ ነው። ወገቤ «ቀጭ» አለ። ልጄ እየቀረጸ ነበር። ሚስቴ ከኩሽና ብቅ ብላ «አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህን ረሳኸው?» አለችኝና ተመልሳ ገባች።

ሐኪሙ አራት ደቂቃ አየኝ። በረዶ አድርግበት አለኝ። ቢሉ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ለሐኪሙ አንድ፣ ለራጁ አንድ፣ ራጁን ላነበበው ሌላ አንድ። ያነበበውን ሰው በዓይኔ አላየሁትም። ስደውል አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙኝና ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል ሙዚቃው ካቆመበት አልቀጠለም፤ ከመጀመሪያው ጀመረ።

ሥራ ስመለስ ቪዲዮውን ለባለ ሹካው አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አየው።

«ቅርጫቱ ስንት ሜትር ላይ ነው?» አለኝ።

ነገርኩት።

«እሱማ አይቆጠርም» ብሎ ስልኬን መለሰልኝ።