ኮሎኛ በ2018 መሰናበት ነበረበት?

ዳሪዮ ኮሎኛ የስዊዘርላንድ አገር አቋራጭ ስኪ ተወዳዳሪ ነበር። አራት የኦሎምፒክ ወርቅ አለው። ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2022፣ ከቤጂንግ ኦሎምፒክ በኋላ ነው። ዘገየ ወይስ አልዘገየም? ሁለት ሰዎች ተጋጭተውበታል።

ይብቃህ ባይ፦ ቫንኩቨር 2010፣ ሶቺ 2014፣ ፒዮንግቻንግ 2018። በ15 ኪሎ ሜትር ሦስት ኦሎምፒክ በተከታታይ ወርቅ! ከፒዮንግቻንግ በኋላ ደግሞ ወር ሳይሞላ ኦስሎ ሄደ። እዚያ ባለው ዝነኛ የስኪ ሜዳ፣ ሆልመንኮለን ላይ፣ ኖርዌዮችን በገዛ ደጃቸው፣ በ50 ኪሎ ሜትር ቀጣቸው። እንዲህ ያለ መሰናበቻ ከየት ይገኛል? እሱ ግን አራት ዓመት ጨመረበት። ቤጂንግ ላይ ከፊተኞቹ በጣም ርቆ ሲገባ ማየት አንጀት ይበላል።

ግፋበት ባይ፦ አንጀትህን የበላው የአንተ ሐዘኔታ ነው ወዳጄ። ይህ ሰው የቫል ሙስታየር ልጅ ነው። በጣሊያን ድንበር ጥግ ያለች ትንሽ ሸለቆ ናት፤ ስኪ እዚያ ኑሮ ነው። ደግሞ «ይብቃህ» ቢሰማ ኖሮ ሶቺን አናይም ነበር። ከሶቺ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ሲሮጥ የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ተበጠሰና ቀዶ ሕክምና ገባ። ሶቺ ላይ ሁለት ወርቅ ወሰደ። አንደኛው የ30 ኪሎ ሜትሩ ነው፤ ግማሹን በአንድ ስልት፣ ግማሹን በሌላ፣ መሀል ላይ ስኪ እየቀየሩ የሚሄዱት። በ50ው ደግሞ መጨረሻው አካባቢ ወድቆ ስኪው ተሰበረ። ቫንኩቨር ላይም በዚያው ርቀት ወድቆ ነበር። በወደቀ ቁጥር ያቁም?

ይብቃህ ባይ፦ ጅማት ይጠገናል፤ ዕድሜ አይጠገንም። ቤጂንግ ላይ 36 ሊሞላው ወር ነበር የቀረው። ኖርዌይ ደግሞ በአሥር ዓመት የሚያንሰውን የስኪ ኮከቧን ክሌቦን ይዛ መጥታለች። ሌላም ልንገርህ። የ2015ቱን የዓለም ዋንጫ አጠቃላይ አሸናፊነት፣ የሙሉ ወቅቱ ነጥብ ተደምሮ የሚሰጠውን፣ ያገኘው በ2016 ነው። ኖርዌያዊው ተወዳዳሪ ሰንድቢ ከተፈቀደው በላይ የአስም መድኃኒት ወስዷል ተብሎ ሲነጠቅ ለኮሎኛ ተሰጠው። በሰዓቱ መድረክ ላይ ሊጨበጨብለት ሲገባ ተሰርቋል። ታዲያ በ2018 ጭብጨባው በእጁ ሲገባ ይዞት አይሄድም?

ግፋበት ባይ፦ ጭብጨባውን ስለምትወደው ነው። እስቲ ቫንኩቨርን አስታውስ። ኮሎኛ የመጀመሪያ ወርቁን ባገኘበት በዚያው የ15 ኪሎ ሜትር ውድድር የኛው የኢትዮጵያ ተወዳዳሪ ሮቤል ተክለማርያም ነበር። ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆኖ ገባ። «ምነው ባልተወዳደርክ» አልከው? ኮራህ እንጂ።

ይብቃህ ባይ፦ ከሮቤል ማን ወርቅ ጠበቀ?

ግፋበት ባይ፦ በ2022ም ከኮሎኛ የጠበቅነው እኛው ነን። እሱ ምን ያድርግ?