«ኤዲት አድርጊልኝ» ስትሉኝ ምን ላድርግላችሁ?

ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ ጠባብ ቤት፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት አገልግሎት መስጠት ከጀመርሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሙቀቱንም የመብራት መጥፋቱንም ችዬዋለሁ። «ኤዲት» የምትለዋን ቃል ግን መቻል አቅቶኛል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተመራቂ ተማሪ 74 ገጽ ጽሑፍ በፍላሽ ይዛ መጣች። «እኅቴ፣ ትንሽ ኤዲት ብቻ ናት፤ ለነገ ይደርስልኛል?» አለችኝ። ይደርሳል አልኋት። ሌሊቱን ተቀምጬ የተገደፈውን ፊደል ሞላሁ፤ አንዱ ገጽ ላይ «ዓሣ አስጋሪ»፣ ሌላው ላይ «አሳ አስጋሪ» የሚለውን አንድ ወጥ አደረግሁ፤ ያለቦታው የተሰነቀረውን አራት ነጥብ አነሣሁ። ጠዋት መጥታ ገለጥ ገለጥ አደረገችና ፊቷ ጠቆረ። «ምዕራፍ ሦስትን እኮ አላሳጠርሽውም! አማካሪዬ ይጠር ብሎኛል» አለች። ማን ነገረኝ? «አሳጥሪልኝ» ያለኝ ማን ነው? ግማሽ ክፍያ ሰጥታኝ ሄደች። በእርሷ አልፈርድም፤ እርሷም ስትጠብቅ አድራለች፣ እኔም ስሠራ አድሬያለሁ። ሁለታችንንም ያጣላን ያ ቃል ነው።

ቃሉ በተወለደበት ቋንቋ እንኳን ይህን ሁሉ ሸክም ለብቻው አይሸከምም። «ኤዲት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ «ኤዲተር» ከሚለው ስም የወጣ ነው፤ ሥሩ ላቲን ሆኖ ማውጣት፣ ለሕዝብ ማቅረብ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ አሳታሚዎች ዘንድ አንዱ የሐሳቡን ቅደም ተከተል ያያል፣ ሌላው ዐረፍተ ነገሩን ያቃናል፣ ገጹ ከተቀናበረ በኋላ ደግሞ የመጨረሻውን ግድፈት የሚለቅም አለ፤ ለእያንዳንዱም ሥራ የየራሱ ስም አለው። እኛ አንዷን ብቻ ወስደን ለፎቶውም፣ ለሠርግ ቪዲዮውም፣ ለማመልከቻውም፣ ለመመረቂያ ጽሑፉም አደረግናት።

የራሳችን ቃል ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። አርትዖት አለን፤ ግዕዙ «አርትዐ» አቃና ማለት ነው፣ ከ«ርቱዕ» ጋር አንድ ሥር ነው። መከለስ አለ፣ ማሳጠር አለ፣ ማስፋፋት አለ። ከሁሉም የምወደው ግን ማረም ነው፤ ማሳ ለሚያርመውም ጽሑፍ ለሚያርመውም ቃሉ አንድ ነው። እምቦጭ ጣናን ከወረረው ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ያንን በእጁ የነቀለ ገበሬ አረም ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳውም፤ ባዕዱን ይነቅላል፣ የራሱን አይነካም። «አርሚልኝ» ያለኝ ሰው ልክ ይህንን ነው የጠየቀኝ፤ እጄ የት ላይ ማቆም እንዳለበትም አብሮ ነግሮኛል።

ይህን ሁሉ ለፊደል ብላ ነው የምትጮኸው የሚለኝ ካለ የሚከተለውን ያንብብ። ከወር በፊት አንድ ወጣት የትምህርት ማስረጃ ይዞ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይችን ቁጥር ብቻ ኤዲት አድርጊልኝ» አለኝ። 2.4 የሚለውን 3.4 ላደርግለት ነው። አልሠራም ስለው ከልቡ ገረመው። «ኤዲት እኮ ነው!» አለኝ። በአማርኛ ቢጠይቀኝ ኖሮ «ደልዢልኝ» ከማለት ሌላ ቃል አያገኝም ነበር፤ ያንን ደግሞ ደፍሮ ከአፉ አያወጣውም። በየጨረታው ማስታወቂያ ላይ «ስርዝ ድልዝ የሌለበት» ተብሎ የሚጻፈው እኮ ሕዝባችን ማረምን ከመደለዝ ለይቶ ስለሚያውቅ ነው። ወንጀሉን ንጹሕ ልብስ ያለበሰችለት ያች ቃል ናት። ይህ ያስፈራኛል፤ በእውነት ያስፈራኛል።

ብራና ላይ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ሲሳሳት በቢላ ይፍቃል፤ የተፋቀውም ቦታ ሻካራ ሆኖ ይቀራል፤ ጣትህን ብታሳርፍበት ትዳስሰዋለህ። ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ጠባሳ አይተውም። ስለዚህ የምጽፍበት ፕሮግራም፣ ማይክሮሶፍት ወርድ፣ የነካሁትን ሁሉ በቀለም የሚያሳይበትን መሣሪያ አብርቼ እሠራለሁ፤ ባለቤቱ አይቶ ይቀበል ወይም ይመልስ ብዬ። ይህንንም አልወደዱልኝም። «ይህ ቀይ ምንድን ነው? አጥፊውና ጨርሰሽ ስጪኝ» ይሉኛል። የገዛ ጽሑፋችሁ ላይ ምን እንደተለወጠ ሳታዩ ስማችሁን ትጽፉበታላችሁ?

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ገቡ። በእጃቸው የጻፉት ሁለት ገጽ የመሬት አቤቱታ ነው፤ ወረቀቱ ከመታጠፉ ብዛት መሐሉ ሳስቷል። ወንበር ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በመዳፋቸው እያስተካከሉ «ልጄ፣ በመኪና ጻፊልኝ። ፊደሉ ከተሳሳተ አርሚው፣ ነገሬን ግን እንዳትነኪብኝ» አሉኝ። «እሺ አባባ» አልሁ። ዐሥራ አንድ ፊደል አረምሁ፤ ሁለት ቦታ ላይ ግር ስላለኝ ጠየቅኋቸው፤ አንዱን «እንዲያው ተይው፣ እኔ እንዲያ ነው የምለው» አሉኝና ተውሁት። ከዚያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላቸው። በየመስመሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ ሲያልቅ ብዕር ለምነው ፈረሙ።