እንዶዱ በአጥራችን፣ በሽታው በወንዛችን

ወገኖቼ፣ ዓድዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የሆነውን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን፣ ያን ውሃ ውስጥ የገባን ሰው የሚይዝ የትል በሽታ፣ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ከፍ ብሎ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ከነዚያ ለቅመው በዕቃ አደረጉና አንዷን አጣቢ አረፋዋን ጠብ እንድታደርግበት ለመኗት። ሞቱ! ወንዙ በእንዶድ ሲታከም ቆይቶ፣ ከመቶ ትንንሽ ልጆች 50ዎቹን ይዞ የነበረው በሽታ ወደ 7 ወረደ።

ከዚያስ? ዓለም አቀፎቹ ባለሙያዎች መርዛማነቱ በምዕራብ ላብራቶሪ እንደገና ይመርመር አሉ፤ ዓመታት በዚያ አለቁ። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ያለ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለበስ እንስሳ ማጥፊያ አድርጎ የፈጠራ መብት አወጣበት። አክሊሉ ራሳቸው ተካፋይ ስለነበሩ ሰረቁን አልልም። ይቅር ማለት ያቃተኝ እኛን ነው።

እንዶድ ጥንቃቄ ይሻል። ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል፤ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ሲዘፈዘፍ በፍሬው ውስጥ ያለው ኢንዛይም ቀንድ አውጣ ገዳዩን ሳፖኒን፣ ማለትም አረፋ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር፣ ያወጣል። የፈላ ውሃ የደፋበት ኢንዛይሙን ገድሎ ልፋቱን ከንቱ ያስቀራል። ዱቄቱ ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል። ዓሣ ስለሚገድል ዓሣ ካለበት ውሃ ይራቅ። የቀንድ አውጣውን እንቁላል በደንብ ስለማይገድል ተመላልሶ መጨመር አለበት። ወንዴው ፍሬ ስለማይሰጥ ከተመረጠችው ሴቴ ግንድ ቆርጦ መትከል ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ሙያ ብቻውን አይችለውም። እኛ ግን ተለያየን። ኬሚስቱ ሳፖኒኑን ለክቶ ወረቀቱን ያስቀምጣል። ጤና ባለሙያው የቢልሃርዝያውን መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ይሰጣል፤ ልጁ በማግስቱ እዚያው ውሃ ገብቶ እንደገና ይያዛል። የመስኖ መሐንዲሱ ቦይ ይቀይሳል፤ የተኛ ውሃ ቀንድ አውጣ እንደሚያረባ ግን ማንም አልነገረውም። የተማርን ነን የምንለው ሁላችንም ጥፋተኞች ነን። የዚያችን አጣቢ ስም ስንቶቻችን እናውቃለን? ለልጇስ ምን መለስንላት?

ደክሞኛል፤ ግን ዝም አልልም። እንዶድ ዛሬም በየአጥሩ አለ። እባካችሁ፣ አንድ ወረዳ ላይ አንድ ቦይ ምረጡ። ኬሚስቱ፣ ገበሬው፣ ሐኪሙና መሐንዲሱ አብረው ይውረዱ። መጀመሪያ የልጆቹን ሰገራ መርምሩ፣ ቀንድ አውጣውን ቁጠሩ፤ እንዶዱን ከጨመራችሁ በኋላም እንደገና ቁጠሩ። ሴቶቹንም ጥሯቸው፤ ልጆቹ የት እንደሚዋኙ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።