ማስተካከያ፦ ስለ ዘጌው አባት የሕይወት ታሪክ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ በአርባ ቀን መታሰቢያቸው የተነበበው የአንድ የዘጌ አባት የሕይወት ታሪክ «በሬ ጠምደው ሲያርሱ የኖሩ፣ በጣና ደሴት ያገለገሉ ቄስ» ይላቸዋል። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ስለሆነ እንዲህ ይታረም።

ትልቁ ስህተት እርሻው ላይ ነው። ዘጌ በበሬ አይታረስም። ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር በሚያያዘው የቆየ ትውፊት መሠረት ማረስም ከብት ማርባትም ክልክል ነው፤ ጫካው ሳይመነጠር እስከ ዛሬ የቆየውም ባብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። የእሳቸው ግብርና ቡና ነበር፤ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና፣ ከጎኑ ጌሾና ሎሚ። ለቅመው፣ አስጥተው፣ ባሕር ዳር ገበያ ያወጡት ነበር። ሞፈርና ቀንበሩን ያስገባው ጸሐፊ ገበሬ ሁሉ አራሽ መስሎት ይሆናል።

ዘጌም ደሴት ሳይሆን ወደ ሐይቁ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ በጀልባም በየብስም ይደረሳል።

ክህነትም አልነበራቸውም። ያገለገሉት በሰበካ ጉባኤ የምእመናን ተወካይ ሆነው ነው። ጉባኤው በ1965 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ፣ በቃለ ዓዋዲ መሠረት ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ያቀፈ ነው። የደብሩን ንብረት መጠበቅና የተጣላ ጎረቤት ማስታረቅ የእሳቸው ድርሻ ነበር፤ ቅዳሴውን የሚቀድሱት ካህናቱ ናቸው።

«ከባለቤታቸው ጋር በክብራን ገብርኤል» የተባለው ፎቶ ደግሞ የተነሣው የካቲት 16 በበዓሉ ዕለት፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ነው። ክብራን የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አትገባም።